ሽማግሌው ውሻዬ ጠዋት ጠዋት መነሳት አቅቶታል፤ እርጅና ነው ወይስ ሕመም?

ነብሮና እኔ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነብሮ የሚባል የጀርመን እረኛ ዝርያ ውሻ አለኝ። 11 ዓመቱ ነው። በሁለት እጄ ታቅፌ ያመጣሁት ቡችላ ዛሬ 43 ኪሎ ይመዝናል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ነገረ ሥራው ሁሉ ተለውጦብኛል። ጠዋት ስጠራው ጆሮውን ያነሳል እንጂ ቶሎ አይነሳም። መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ያቆማል። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ወገቡን እየጎተተ፣ የኋላ እግሮቹን አንድ በአንድ ይሰበስባል። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች እንደ እንጨት ደርቆ ነው የሚራመደው። ትንሽ ከሄደ በኋላ ይፍታታል። ከሰዓት በኋላ ያየው ሰው ምንም የሆነ አይመስለውም። ድሮ መኪና ውስጥ ዘሎ ነበር የሚገባው። አሁን የፊት እግሮቹን ብቻ ያስቀምጥና ዞር ብሎ ያየኛል። እንዳነሳው ነው የሚጠብቀው።

ግራ የገባኝ ግን አያለቅስም። አንድ ቀን እንኳ ሲጮህ አልሰማሁትም። ይበላል፣ ጭራውን ይቆላል። ያስደነገጠኝ ባለፈው ሳምንት የሆነው ነው። ልጄ ወገቡ አካባቢ ስታሻሸው ድንገት አጉረመረመባት። እሷ ላይ አጉረምርሞ አያውቅም፤ አብረው ነው ያደጉት።

እርጅና ነው ብዬ ልተወው ወይስ ቁርጥማት ይዞት ይሆን? ከሆነስ ምን ላድርግለት? ቤት ውስጥ ኢቡፕሮፌን አለ፤ ሩቡን ብሰጠው ይጎዳዋል? እባካችሁ ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

መንገደኛው፦

ወንድሜ አትጨነቅ፣ ያለ ነገር ነው። የኔም 12 ዓመት አልፎታል፣ ልክ እንዳልከው ነው የሚያደርገው። ውሻም እንደ ሰው ያረጃል። አሳርፈው፣ ብዙ አታንቀሳቅሰው፣ ጥሩ ጥሩውን አብላው። የቀረውን ዕድሜ ደስ ብሎት ይኑር።

የቡላ እመቤት፦

ወንድሜ፣ ከሁሉም በፊት ኢቡፕሮፌኑን ወደነበረበት መልሰው። ሩቡንም ቢሆን እንዳትሰጠው። ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ ናፕሮክሲን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ለሰው ትንሽ የሆነው መጠን ለውሻ ብዙ ነው። ፓራሲታሞልም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ ጉበቱን ይጎዳል፣ ደሙንም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል።

መንገደኛው ወንድሜ፣ በቅንነት እንደመከርክ አውቃለሁ። ግን እኔ ልክ ይሄንኑ ምክር ሰምቼ ቡላን አንድ ዓመት ሙሉ አሠቃይቼዋለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ቡላ ላብራዶር ነው። ዘንድሮ 13 ዓመቱን ይዟል። ሕመሙ የጀመረው በ8 ዓመቱ ገደማ ነው፤ እኔ ያወቅሁት ደግሞ 9 ካለፈው በኋላ። ለምን ዘገየሁ? እንዳንተው ልቅሶ ስጠብቅ ነበር። ውሻ ግን የመገጣጠሚያ ሕመም ሲይዘው አያለቅስም። እየቆየ የሚብስ ሕመም ስለሆነ ከሕመሙ ጋር መኖርን ይለምዳል። የሚያመውን ነገር አንድ በአንድ ይተዋል። መጀመሪያ ሶፋ ላይ መውጣት ተወ። ከዚያ በር ሲንኳኳ ሮጦ መምጣት ተወ። ከዚያ ሽንቱን ሲሸና እግሩን ማንሳት ተወ። እኛ ቤት ሁሉም «አርጅቶ ሰከነ» ይል ነበር። አልሰከነም፤ አሞት ነው።

አንድ ቀን ደረጃ ስንወጣ ሦስተኛዋ ላይ ቆመ። ጠራሁት፣ አልመጣም። ወርጄ ከጎኑ ተቀመጥኩና ሁለቱን የኋላ ታፋዎቹን በእጆቼ ያዝኳቸው። ቀኙ ሞላ ያለ ነው። ግራው ግን በቆዳው ሥር አጥንቱ በአውራ ጣቴ ይዳሰሳል። በነጋታው በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት፣ ግራው በ2 ሴንቲ ሜትር ይቀጥናል። ለካ ያን እግሩን ወራት ሙሉ ሲያሳርፈው ኖሯል። በየቀኑ አብሬው እየዋልኩ አላየሁትም። ያን ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ልጅህ ላይ ማጉረምረሙን በደንብ ያዘው። እሷን መጥላቱ አይደለም። ያመመው ቦታ ላይ እጇ አርፎ ነው። ልጅቷን አደራ፣ ሐኪም እስኪያየው ወገቡንና ዳሌውን አትንካው፤ ተኝቶ ሳለም ድንገት አትጠጋው።

ሐኪም ጋ ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሳ ቪዲዮ ቅረጸው። ሲራመድ ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ ቅረጸው። ደረጃ ሲወጣም ጨምር። ቡላን መጀመሪያ የወሰድኩት ጊዜ ክሊኒኩ በር ላይ ሲደርስ እንደ ቡችላ ነበር የሆነው። ከድንጋጤው የተነሳ ማነከሱን ረሳው። ሐኪሙም ምንም አላየበትም፣ ቫይታሚን ሰጥቶ ሸኘን። ሁለተኛ ስንሄድ ሌላ ሐኪም ቪዲዮውን አይታ «ይሄ ዳሌው ነው» አለችኝ።

መንገደኛው፦

እህቴ፣ እውነቱን ለመናገር ይህን አንብቤ ተነስቼ የራሴን ውሻ ታፋ ዳሰስኩት። የኔም አንዱ ወገን ቀጥኗል። አመሰግናለሁ። ነገ ይዤው እሄዳለሁ።

ሐኪሙ፦

ጤና ይስጥልኝ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የቡላ እመቤት የተናገረችው ትክክል ነው። ጥቂት ነገር ልጨምር።

ቁርጥማት የሚባለው እንዲህ ነው። አጥንትና አጥንት በሚጋጠሙበት ቦታ ጫፋቸውን የሚሸፍን ለስላሳ ልም አጥንት አለ። እሱ እየተበላ ሲሄድ መገጣጠሚያው ይቆጣል፣ ፈሳሽ ይቋጥራል፣ ዳርና ዳሩ ላይ አዲስ አጥንት ይበቅላል። መገጣጠሚያው እንደ ልብ መታጠፍ ያቅተዋል። አንዴ ያለቀውን ልም አጥንት የሚመልስ መድኃኒት የለም። ሕመሙን መቀነስና ሂደቱን ማዘግየት ግን በደንብ ይቻላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ውሻ ላይ ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከእርጅና አይጀምርም። ከሥሩ ሌላ ምክንያት አለ። ዳሌው ሲያድግ በጎድጓዳው ውስጥ በትክክል ያልተቀመጠ ይሆናል፣ ክርኑ የተዛባ ይሆናል፣ የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ይሆናል። የጀርመን እረኛና ላብራዶር ለዳሌው ችግር ከተጋለጡት ዝርያዎች ውስጥ ናቸው። በ11 ዓመት የምናየው ሕመም ሥሩ አንዳንዴ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው።

ነብሮን በተመለከተ፣ አርፎ ሲነሳ መድረቁና ሲሄድ መፍታታቱ የመገጣጠሚያ ሕመምን ይመስላል። ነገር ግን የጀርመን እረኛ ስለሆነ አንድ ነገር መለየት አለበት። በዚህ ዝርያ ላይ የጀርባ ሕብለ ሰረሰር ቀስ በቀስ የሚጎዳበት በሽታ ይታያል። እሱ አያምም። ምልክቱ እግርን መጎተት ነው፤ ሲራመድ የኋላ ጥፍሮቹ መሬቱን ሲፍቁ ይሰማል፣ የመካከለኞቹ ጥፍሮች ከላይ በኩል ያልቃሉ፣ ሲቆም መዳፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል። እኛ ስንመረምር መዳፉን ገልብጠን በጀርባው እናቆመዋለን። ጤነኛ ውሻ ወዲያው ያስተካክለዋል። ካላስተካከለ ነገሩ መገጣጠሚያ ብቻ አይደለም።

አንድ አጥንት ብቻ ካበጠና ማነከሱ በቀናት ውስጥ ከባሰ ደግሞ ራጅ ሳይነሳ አይታደር። በትላልቅ ዝርያዎች ላይ የአጥንት ካንሰር እንዲህ ሆኖ ይመጣል። ትኩሳት ኖሮት ብዙ መገጣጠሚያዎቹ በአንዴ ካበጡም የመዥገር በሽታዎችን እንመረምራለን።

ነብሮና እኔ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ኢቡፕሮፌኑን አልሰጠሁትም። ዶክተር፣ ጥፍሮቹን አይቻቸዋለሁ፣ ከላይ በኩል አላለቁም። ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ቪዲዮውንም ቀርጫለሁ። መድኃኒት ከታዘዘለት ምን ልጠንቀቅ? የቡላ እመቤት፣ እህቴ፣ ከመድኃኒት ሌላ ያደረግሽውን ንገሪኝ። በተለይ ምግቡን። እኛ ቤት የሚበላው በመስፈሪያ አይደለም።

ሐኪሙ፦

ዋናዎቹ ለውሻ የተሠሩ የብግነት፣ ማለትም የመቆጣትና የማበጥ፣ ማስታገሻዎች ናቸው። ካርፕሮፌን፣ ሜሎክሲካም፣ ፊሮኮክሲብ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ከመጀመሩ በፊት ጉበትና ኩላሊቱ በደም ምርመራ ይታይ፤ መድኃኒቱ ከቀጠለም ምርመራው በየጊዜው ይደገም። ከምግብ ጋር ይሰጥ። መጠኑ የሚሠራው በኪሎ ነው፤ የሌላ ውሻ መድኃኒት አትዋሱ። ከተመሳሳይ ማስታገሻ ጋርም ሆነ እንደ ፕሬድኒሶሎን ካሉት የስቴሮይድ መድኃኒቶች ጋር በፍጹም አይደባለቅ። ካስመለሰው፣ ምግብ ከዘጋ፣ ወይም ሰገራው ከጠቆረ በዚያው ቀን አቁሙና ሐኪሙን አግኙ።

በወር አንድ ጊዜ የሚሰጥ መርፌም አለ። ቤዲንቬትማብ ይባላል። የሕመም ስሜትን የሚያባብሰውን የነርቭ እድገት ንጥረ ነገር ይዞ ያስቀራል። አውሮፓ ውስጥ በ2020፣ አሜሪካ ውስጥ በ2023 ነው የተፈቀደው። ብዙ ውሾችን ጠቅሟል። ግን የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2024 መጨረሻ ላይ መንገዳገድንና መንቀጥቀጥን የመሳሰሉ ችግሮች እንደተዘገቡ ለእንስሳት ሐኪሞች ደብዳቤ ጽፏል። ስለዚህ አስቀድሞ የነርቭ ምርመራ ተደርጎ፣ ጥቅምና ጉዳቱ ተመዝኖ የሚወሰን ነው።

ስለ ማሟያዎችም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የተሻለ ማስረጃ ያለው የዓሣ ዘይት ነው፤ በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 ብግነትን ይቀንሳል። ሲጀመር በትንሹ ይሁን፣ ያለዚያ ሆዱን ያላላዋል። ዘይቱም ካሎሪ ስለሆነ ከምግቡ ላይ ይታሰብ። ግሉኮሳሚን በብዛት ይሸጣል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ገንዘባችሁ አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ የዓሣ ዘይቱን እመርጣለሁ።

የቡላ እመቤት፦

እኔ ወደ ምግቡ ልሂድ፤ ከሁሉም በላይ ያዳነን እሱ ነው።

ቡላ 36 ኪሎ ነበር። ሐኪሟ 30 መሆን አለበት አለችኝ። መጀመሪያ ተቆጣሁ። «ወፍራም አይደለም፣ ግዙፍ ነው» ብዬ ተከራከርኳት። እጄን ያዘችና ጎድኑ ላይ አደረገችው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ጡጫሽን ጨብጪ። የጣቶችሽ አንጓ ላይ እጅሽን ስታሳልፊ እንደሚሰማሽ ከሆነ ከስቷል። እጅሽን ዘርግተሽ የእጅሽን ጀርባ አጥንቶች ስትዳስሺ እንደሚሰማሽ ከሆነ ልክ ነው። መዳፍሽን ገልብጠሽ ሥጋውን ስትዳስሺ እንደሚሰማሽ ከሆነ ወፍሯል።» የቡላ ጎድን እንደ መዳፌ ሥጋ ነበር። አሁኑኑ ነብሮ ላይ ሞክረው።

ቤት ተመልሼ የሚበላውን መመዝገብ ጀመርኩ። እኔ ጠዋትና ማታ እሰጠዋለሁ። እናቴ ረፋድ ላይ «ራበው መሰለኝ» ብላ ትጨምርለታለች። ወንድሜ ሲበላ አጠገቡ ስለሚቀመጥ ያጎርሰዋል። ሦስታችንም አንዳችን የሌላውን አናውቅም! በቀን አራት ጊዜ ነበር የሚበላው። ያን ቀን ማታ ቤተሰቡን ሰብስቤ አንድ ሰሃን አስቀመጥኩ። የቡላ የቀን ድርሻ ጠዋት በሚዛን ተመዝኖ ሰሃኑ ውስጥ ይቀመጣል። ማንም ሊሰጠው ከፈለገ ከዚያ ሰሃን ብቻ ያነሳል። ሰሃኑ ባዶ ከሆነ አበቃ። እናቴ መጀመሪያ ከፍቷት ነበር። በኋላ ግን ከሁላችን በላይ የሰሃኑ ጠባቂ እሷ ሆነች።

ምግቡን በአንዴ አትቁረጥበት። ክብደቱ በሳምንት ከመቶ 1 ወይም ቢበዛ 2 እጅ ቢቀንስ ይበቃል። ነብሮ ላይ ይህ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። ቡላ 6ቱን ኪሎ ለመጣል 7 ወር ፈጅቶበታል። ለውጡን ለማየት ግን 7 ወር አልጠበቅሁም። ውሻ ከክብደቱ ከመቶ 6 እጅ ገደማ ሲጥል ማነከሱ መሻሻል እንደሚጀምር የሚያሳይ ጥናት አለ። እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል ሲቀንስ ሦስተኛዋን ደረጃ አለፋት።

ሌላ ሁልጊዜ የማነሳው ጥናት አለ። 48 ላብራዶሮች ከቡችላነታቸው ጀምሮ ጥንድ ጥንድ ተደርገው ነበር። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ከሌላው ሩብ ያነሰ ምግብ ይሰጠዋል። ዕድሜ ልካቸውን ተከታተሏቸው፤ ውጤቱ በ2002 ታተመ። ቀንሰው የበሉት ግማሾቹ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ኖሩ፤ የሌሎቹ አጋማሽ ግን 11 ዓመት ከ2 ወር ገደማ ላይ ነበር። በራጅ የሚታየው የዳሌ ቁርጥማትም ቀንሰው የበሉት ላይ ዓመታት ዘግይቶ ነው የመጣው። ሌላ ምንም አልተለየም፤ የሰሃኑ መጠን ብቻ።

«ጥሩ ጥሩውን አብላው» የሚለው ለዚህ ነው ልቤን የሚያቆስለው። ከፍቅር የመጣ ነው፣ ግን ጉልበቱ ላይ ጭነት መጨመር ነው።

ስለ እንቅስቃሴ። አሳርፈው ማለት አታውጣው ማለት አይደለም። ቁጭ ያለ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጡንቻው ሲሟሽሽ መገጣጠሚያውን የሚደግፈው ነገር ይጠፋል። እኔ ድሮ አዘቦት አላወጣውም ነበር፤ የእረፍት ቀኔ ሲሆን ሁለት ሰዓት አስሮጠው ነበር። ለታመመ ውሻ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። አሁን በየቀኑ ሦስት ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ፣ በማሰሪያ፣ በዝግታ፣ በተቻለ መጠን በሳር ወይም በአፈር ላይ። ኳስ መወርወር ቀርቷል። ኳሱን ተከትሎ ሲሮጥና ድንገት ሲጠመዘዝ ነው ጉዳቱ። ዋና የሚችልና የሚወድ ውሻ ካላችሁ ውኃው ክብደቱን ስለሚሸከምለት ጥሩ ነው።

መጠኑን እንዴት ታውቃለህ? በነጋታው እየው። ጠዋት ከወትሮው በላይ ከደረቀ ትናንት በዝቶበታል ማለት ነው፤ ቀንስለት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ወለሉን ተመልከት። የኛ ሴራሚክ ነው። ቡላ ሲነሳ የኋላ እግሮቹ ወደ ግራና ቀኝ ይንሸራተቱ ነበር። ጥፍሮቹ ሴራሚኩን ሲጭሩ የሚሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ከመኝታው እስከ ውኃ መጠጫው፣ ከዚያ እስከ በሩ ድረስ ጀርባቸው ጎማ የሆኑ ቀጫጭን ምንጣፎች ዘረጋሁለት። በዚያው ቀን ነው አነሳሱ የተለወጠው። ጥፍሩንም በየጊዜው ቁረጥለት፤ የረዘመ ጥፍር አረጋገጡን ያበላሻል። በመዳፉ ሥር በጣቶቹ መካከል የሚበቅለውንም ፀጉር ከርክም፣ እሱም ያንሸራትታል። መኝታው ወፈር ያለ ይሁን፤ በጉልበትህ ስትንበረከክበት ወለሉ ከተሰማህ ለሱም ይሰማዋል። ብርድ ከሚመጣበት አርቀው።

የመጨረሻው ደብተር ነው። በየጠዋቱ ከጠራሁት ጀምሮ በአራቱም እግሩ እስኪቆም ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት እጽፋለሁ። በዓይን ሲያዩት «ደህና ነው፣ ደህና አይደለም» ማለት ያሳስታል። ቁጥሩ አያሳስትም። ሐኪሟም መድኃኒቱን የምታስተካክለው ደብተሬን አይታ ነው።

አዲስ እናት፦

ይቅርታ፣ ልግባ? የኔ የ10 ሳምንት ቡችላ ናት፣ ትልቅ ዝርያ። ይህን ሁሉ ሳነብ ፈራሁ። ከአሁኑ ልከላከልላት የምችለው ነገር አለ? አጥንቷ እንዲጠነክር ካልሲየም ስጫት ብለውኛል።

ሐኪሙ፦

እህቴ፣ በጥሩ ሰዓት ነው የጠየቅሽው።

ካልሲየሙን አትስጫት። ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች የተዘጋጀ ሚዛኑን የጠበቀ ምግብ የምትበላ ከሆነ የሚበቃት አለው። ትርፍ ካልሲየም ቡችላ ላይ የአጥንትን እድገት ያዛባል፤ ገና ትንሽ ስለሆነች ትርፉን የማስቀረት አቅም የላትም። ቶሎ እንድትፋፋም አትቸኩዪ። ቁመቷ የተወሰነው በዘሯ ነው፤ ዝግ ብላ ብታድግም እዚያው ትደርሳለች።

ደረጃ ይቆይላት። ኖርዌይ ውስጥ በትልልቅ ዝርያዎች ላይ የተደረገ ጥናት እስከ 3 ወራቸው ድረስ በየቀኑ ደረጃ የተጠቀሙ ቡችሎች ላይ የዳሌ ችግር የበለጠ እንደሚታይ፣ ያለ ማሰሪያ ለስላሳ መሬት ላይ የተጫወቱት ላይ ደግሞ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ታቅፈሽ አውርጃትና ሳር ላይ ልቀቂያት። ራሷ ሲደክማት ትተኛለች።

ማምከን ካሰብሽ ጊዜውን ከሐኪምሽ ጋር ተማከሪ። በአንዳንድ ትልልቅ ዝርያዎች ላይ ከአንድ ዓመት በፊት ሲደረግ የመገጣጠሚያ ችግር ይጨምራል። ሌሎቻችሁም ወደፊት ቡችላ ስትወስዱ የእናትና የአባቱ ዳሌ በራጅ ታይቶ እንደሆነ ጠይቁ።

ነብሮና እኔ፦

ከ7 ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ቃል በቃል የነገራችሁኝን ነው ያደረግሁት።

ሐኪሙ ጋ ሄድን። ራጅ ተነሳ። ሁለቱም ዳሌዎቹ ናቸው፣ ግራው ይብሳል። መዳፉን ሲገለብጡት ወዲያው አስተካከለው፣ ነርቩ ደህና ነው ተባለ። የደም ምርመራው ጥሩ ስለነበር ማስታገሻ ተጀመረለት፣ ከጠዋት ምግቡ ጋር እሰጠዋለሁ። ክብደቱ 43 የነበረው ዛሬ 40 ኪሎ ተኩል ሆኗል። ሰሃኑን እኛም ጀመርን። ልጄ «የነብሮ ድርሻ» ብላ ጽፋ ለጠፈችበት። ደብተሩንም የምትይዘው እሷ ናት። የመጀመሪያው ቀን 38 ሰከንድ ነበር። ትናንት 11።

ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ከትናንት ወዲያ ማታ የሆነው ነው። ልጄ መሬት ላይ ተቀምጣ ታጠና ነበር። ነብሮ ከመኝታው ተነስቶ፣ ምንጣፉን ተከትሎ መጥቶ፣ ራሱን ጭኗ ላይ አሳረፈ። ለወራት ማንም እንዲጠጋው አይፈልግም ነበር። እሷ እንዳይነሳ ፈርታ አንድ ሰዓት ሙሉ እግሯን አላንቀሳቀሰችም።

አሁን ግን አዲስ ጭንቀት መጣ። ስለተሻለው መኪናው ላይ ራሱ መዝለል ጀምሯል። ሲወርድም ዘሎ ነው። ልተወው? ደስ ሲለው ማየቱ ደስ ይለኛል።

የቡላ እመቤት፦

እልል! 11 ሰከንድ! ልጅህን እቀፍልኝ።

ግን እንዳይዘል አድርገው። መድኃኒቱ ሕመሙን ነው የሸፈነለት፤ ዳሌው ያው ነው። ሲወርድ ደግሞ ከመውጣቱ ይብሳል፣ ክብደቱ በሙሉ የፊት እግሮቹ ላይ ነው የሚያርፈው። የኋላውን ሲያሳርፍ የኖረ ውሻ ደግሞ የፊቶቹ ቀድሞውኑ ደክመዋል።

መወጣጫ ሥራለት። ሰፋ ያለ፣ ክብደቱን የሚችል ጣውላ በቂ ነው። ላዩ ላይ ምንጣፍ በደንብ ለጥፍበት፣ እንዳያንሸራትተው። ርዝመቱን አትሰስት፤ አጭር ከሆነ ቀጥ ይልበታል። እንዳመጣኸው መኪናው ላይ አታስደግፈው፣ ይፈራዋል። መጀመሪያ መሬት ላይ አጋድመውና በላዩ አራምደው። ቡላ ሁለት ቀን ዞሮት ብቻ ነበር የሚሄደው፤ በሦስተኛው ቀን ረገጠው። ከዚያ አንዱን ጫፍ በአንድ ጡብ ከፍ አድርገው። ሲለምደው ሌላ ጡብ። መኪናው ላይ የምታደርገው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያኔም በማሰሪያ ይዘኸው፣ አንተ ከጎኑ ሆነህ። በሩን ስትከፍት ማሰሪያው እጅህ ላይ ይሁን፤ ቀድሞህ እንዳይዘል።